ሪጽፋ በካባው ደጅ

ሎውሪ ለሻይ የሚቀርበውን ዘቢብ ዳቦ ስትቆርጥ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ኤልያስ ፒው ወደ ጓዳው ገባና በሩን ከኋላው ዘጋ። የጣሪያ ድንጋይ ከካባ እየተፈለጠ በሚወጣባት በዚያች የዌልስ መንደር ኤልያስ በር ከዘጋ ደህና ወሬ የለም።

"ለዛሬው ውድድር የገባውን ግጥም አንብቤዋለሁ" አላት። "የብዕር ስም ብትለጥፊበትም ያንቺ ነው።"

"እውነተኛው ስም ያለበት ፖስታ ሳይከፈት በምን አወቁ?"

"እናቱ ካባው ደጅ ድንጋይ ላይ የተቀመጠችለት ልጅ በዚህ መንደር ስንት ነው?"

አንድ ብቻ ነው። ወንድሟ ኢቮር ካባው ውስጥ አለት ተንዶበት ሲሞት፣ ሥራ አስኪያጁ ሥራ አይቆምም፣ ሬሳው ቆይቶ ይወጣል አለ። እናታቸው ማርጊያድ ሻሏን ድንጋይ ክምር ላይ አንጥፋ ዝናቡ እየወረደባት ተቀመጠች። ልጇ እስኪወጣ አልተነሳችም። ከተቀበረ ወዲህም ስለዚያ ነገር ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ሎውሪ ደግሞ እንደ መንደሩ ሰው ሁሉ መጽሐፍ ቅዱሱን በቃሏ የምታውቅ ናትና፣ የተሰቀሉ ልጆቿን ሬሳ ከአሞራ ስትጠብቅ ከመከር እስከ ዝናብ አለት ላይ የከረመችውን ሪጽፋን አምጥታ ካባው ደጅ አስቀመጠቻት። ስንኙ ቤት አይመታም፤ አንዱ መስመር ረጅም፣ አንዱ ጉርድ ነው።

"ቤት አለመምታቱን የዘመኑ በሽታ ነው ብዬ ልለፈው" አለ ኤልያስ። "ቅዱሱን ቃል ግን ከፉርጎና ከድማሚት ጋር ቀላቀልሽው።"

"ሪጽፋስ የተቀመጠችው ምን ላይ ነበር፣ አቶ ኤልያስ? ምንጣፍ ላይ?"

"ምላስሽን ሰብስቢ። ንጉሥ ዳዊትንም የካባው ጌታ አድርገሽዋል።"

"አላደረግሁትም። ዳዊት የሪጽፋን ነገር ሲሰማ አጥንቶቹን ሰብስቦ ቀበረ። የኛው የካባ ጌታ ገና አልሰማም ነው ያልኩት።"

"ይኼ ከራስሽ በላይ ያለው ጣሪያ የሱ ስጦታ ነው።"

"ድንጋዩን የፈለጠው ኢቮር ነው።"

ኤልያስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ዳኛው የውጭ ሰው ነው፣ ሳይሸልምሽ አይቀርም። መለከቱ ተነፍቶ የብዕር ስምሽ ሲጠራ ካልተነሳሽ ለአሸናፊው የሚሸለመው ወንበር ባዶ ይቀራል፤ ነገሩም እዚያው ያበቃል። ከተነሳሽ ግን እሁድ ስምሽ ከምእመናኑ መዝገብ ይፋቃል። እናትሽ አግዳሚው ላይ ብቻዋን ትቀራለች። አንዱን ድንጋይ ወሰደባት፤ አንቺን ደግሞ ግጥም ይውሰድባት?"

ይህቺ አንጀቷ ገባች። ለራሷ ቢሆን ስሟን ራሷ ፍቃ ትሰጠው ነበር። ማርጊያድ ግን ከመዝሙርና ከዚያ አግዳሚ ሌላ ምን አላት? ግጥሙ መጻፉንም አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ጸሎት ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ማርጊያድ እንደ ልማዷ የናና ከረሜላ ለልጇ አቀበለችና የራሷን ጎረሰች። ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ወጣት ዳኛ ያሸነፈውን ግጥም መጨረሻ አነበበ፦

አሞራው ኮት ለብሷል፣ ሰዓቱን ያያል።
ሂጂ ይለኛል፣ ፉርጎው ሊያልፍ ነው።
አልሄድም።
ዳዊት እስኪሰማ ድረስ ድንጋዩ የኔ ነው።

አንድ ሰው አጉረመረመ። ሎውሪ ወደ እናቷ ዞራ ለማየት ፈራች። ከረሜላው ጥርስ ሲነካ ይሰማት የነበረው ድምፅ ግን ቆሟል።

መለከቱ ተነፋ። "ሪጽፋ በሚል የብዕር ስም የጻፈው ይነሳ" አለ ዳኛው።

ኤልያስ ከሽማግሌዎቹ መቀመጫ ሆኖ ሎውሪን አፍጥጦ ያያታል። እሷ የአግዳሚውን ጠርዝ ጨብጣ አንገቷን ደፋች፤ በራሷም አፈረች። ዳኛው ደግሞ ጠራ።

አጠገቧ እንጨቱ ሲንቋቋ ሰማች። ማርጊያድ ተነስታለች።

"ማርጊያድ፣ ተቀመጪ" አለ ኤልያስ። "የተጠራው ገጣሚው ነው። አንቺ አልጻፍሽውም።"

"መጻፍማ መቼ አውቄ" አለች ማርጊያድ። "የተቀመጥኩት ግን እኔ ነኝ። ያኔም ከሥራ አስኪያጁ ጋር መጥተህ ሂጂ ያልከኝ አንተ ነህ።"

ኤልያስ ፊቱ ደም መሰለ፤ አላልኩም ግን አላለም። ሎውሪ ያን ቀን እሱም እዚያ እንደነበር አታውቅም ነበር። ንዴቱ ከተቀመጠችበት አስነሳት።

አሸናፊን ወደ መድረክ የሚያጅቡት ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ዛሬ ከመቀመጫው የተነቃነቀ የለም። ማርጊያድ የልጇን ክንድ ያዘችና ራሷ አጀበቻት።

"እማ፣ ስሜን ሊፍቁት ነው" አለች ሎውሪ በሹክሹክታ።

"የኔንም ጨምረው ይፋቁት፤ ለአንድ ስም ብቻ ቢላ አይሳልም።"

መድረኩ ላይ አዲስ የተጠረበው ወንበር ይጠብቃል። ሎውሪ ወደ እናቷ አዞረችው።

"ማርጊያድ፣ ወደ ቦታሽ ሂጂ" አለ ኤልያስ።

ማርጊያድ ሻሏን ከትከሻዋ አወረደች፤ ወንበሩ ላይ አነጠፈችውና ተቀመጠች።