የአስራ አራተኛው ሳምንት ቅጽ

የሒሳብ መምህሩ ካፖርቱን ሳያወልቅ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ክፍሉ ገና በጠዋቱ ይታፈናል፤ እሱ ግን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ነርሷ ጎንበስ ብላ ቁጥሩን አነበበች።

«ጎሽ፣ ምንም አልቀነሱም» አለችና ጻፈች።

ሲወርድ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። በካፖርቱ ኪሶች ውስጥ፣ እንዳይንኳኩ በጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት ትልልቅ ጓጉንቸር ቁልፎች ነበሩ።

የትልቁ አንጀት ቁስለት ከያዘው አራተኛ ዓመቱ ነው። ፊቱን የሚያሳብጠውን ክኒን ሲውጥ ከርሞ፣ ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ሐኪሙ በደም ሥር የሚንጠባጠብ አዲስ መድኃኒት ጀመረለት። መድኃኒቱ ማንን እንደረዳና ማንን እንዳልረዳ ለማወቅ፣ በየቀጠሮው አንድ ቅጽ ይሞላል። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ከሰገራው ጋር የሚወጣው ደም ቆመ። በሳምንቱ ክፍል ገብቶ ሲያስተምር ዋለና ማታ ሚስቱን «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ» ብሎ አሳቃት። በአስረኛው ሳምንት ግን ሕመሙ ተመለሰ። ለማንም አልተነፈሰም። ሐኪሙ ገና ሲጀምሩ ቁርጡን ነግሮታል፤ እስከ አስራ አራተኛው ሳምንት መድኃኒቱ ካልያዘለት፣ አንጀቱ ወጥቶ ሆዱ ላይ ሰገራ የሚቀበል ከረጢት ይገጠማል። መምህሩ ጀርባውን ለተማሪዎቹ ሰጥቶ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ፣ ከረጢቱ ከሸሚዙ ሥር የሚያወጣውን ድምፅ ከወዲሁ ይሰማው ነበር።

ነርሷ ቅጹን ከፈተች።

«በቀን ስንት ጊዜ ሽንት ቤት ይሄዳሉ?»

«ሁለቴ።»

«ደምስ?»

«የለም።»

«ሌሊት ይቀሰቅስዎታል?»

«እንደ ሕፃን ነው የምተኛው።»

ሃያ ዓመት ሙሉ የኮረጁ ልጆችን ሲይዝ የኖረ ሰው ነው። ኩረጃ የሚታወቀው መልሱ ያለ ስሌቱ ሲመጣ መሆኑን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ፊቱ ጋለ።

«ደም ሥርዎን ልፈልግ፤ ካፖርቱን ይስጡኝ» አለች።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ቀስ ብሎ አወለቀው። ስትቀበለው ክንዷ ወደ ታች ወረደ። ኪሱን አልነካችም። ወንበሩ መደገፊያ ላይ ስትሰቅለው ወንበሩ ወደ ኋላ ተንጋደደ፤ በጉልበቷ ገፍታ ግድግዳ አስደገፈችው።

«መምህር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «መድኃኒቱ ካልሠራልዎት ትርፉ አቅምዎን ማዳከም ብቻ ነው። አንጀቱ ከተበሳ ደግሞ እኛም አንደርስልዎትም።» ቅጹን አየችው። «ይኼ ወረቀትም የእርስዎ ብቻ አይደለም። ነገ ለሚመጣው ሕመምተኛ፣ መምህሩን አድኖታል ብለን ነው የምንሰጠው።»

አዲስ ቅጽና እስክሪብቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት። ኮሪደር ላይ የምትጠብቀውን ሚስቱን ጠርታ አስገባችና በሩን ዘግታ ወጣች።

ሚስቱ የተንጋደደውን ወንበር አየች። ከመምህሩ አጠገብ አልጋው ላይ ተቀመጠች። መምህሩ የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ተተክሎ ቀረ።

«ከትናንት ወዲህ ስንቴ እንደሄድኩ እንጃ» አለ፣ ለራሱ ያህል።

«አስራ አንዴ» አለች።

ዞሮ አያት። ሌሊት ሌሊት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ትንፋሿ ሳይዛነፍ ትተኛለች። እሱ እንዳትነቃበት በእግር ጣቱ እየተራመደ ይወጣል፤ የውስጥ ሱሪውን በጨለማ ያጥባል፤ ቧንቧውን እንኳ አጥብቦ ነው የሚከፍተው።

«ተኝተሽ አልነበር እንዴ?»

«ስትመለስ እግርህ በረዶ ነው። ምን እንቅልፍ ይወስደኛል?»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ማወቄን ካወቅህ ሌላ ክፍል ሄደህ ትተኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

እንደዚያ እንደሚያደርግ ያውቃል። እስክሪብቶውን አንስቶ አስራ አንድ ብሎ ጻፈ። ደም ከሚለው ፊት «አለ፤ ወር ሊሆነው ነው» ብሎ ሞላ። ክብደት ከሚለው ፊት ግን ክፍቱን ተወው። ገጹን ሲጨርስ ላቡ ጀርባው ላይ ይወርድ ነበር፤ ሚስቱ በፎጣ አንገቱን ጠረገችለት።

ነርሷ ቅጹን ወስዳ ከሐኪሙ ጋር ተመለሰች። ሐኪሙ ጥድፊያው የታወቀ ነው፤ አንድ እጁን በሩ እጀታ ላይ አድርጎ ቆሞ ነው የሚያወራው። ዛሬ ሁለቱን ቅጾች ጎን ለጎን ይዞ አነበበ። የመምህሩን ሸሚዝ ገልጦ ሆዱን በጣቶቹ ጫን አለ፤ መምህሩ ጥርሱን ነከሰ። ሐኪሙ ወደ ነርሷ ዞሮ ግሉኮስ ብቻ ይሰጠው፣ መድኃኒቱ ይቅር አላት። ከዚያ በሩን ዘጋና የአልጋውን መርገጫ ስቦ ተቀመጠ። ከእሱ ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ መምህሩ አይቶት አያውቅም።

«ቀዶ ጥገናውን ዛሬውኑ ብናደርገው ይሻላል፤ ምግብ ቀምሰዋል?» አለ ሐኪሙ።

መምህሩ ሚስቱን አያት።

«ከትናንት ጀምሮ ውኃ ብቻ» አለች። ፎጣውን አጠፈችው፤ ዘረጋችውና እንደገና አጠፈችው።