ቀጭኗ ትተርፋለች

ፀጉር ሠሪዋ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ «ድንቡሼ» ትላታለች፤ በሥራ ቦታም ስሟ እሱው ሆኖ ቀርቷል። ጨዋታ አዋቂ ናት፤ ደንበኞቿን በሳቅ ታፈርሳቸዋለች። አንገቷን ግን ከሰው ትደብቃለች። ከኋላ በኩል ጠቁሮና ሻክሮ እድፍ የያዘ ይመስላል። ከልጅነቷ ጀምሮ እናቷ «ኧረ አንገትሽን ታጠቢ፣ አታሳፍሪኝ» ስትላት፣ በሻካራ ድንጋይ እስኪደማ ትፈትገው ነበር። አልለቅ ሲላት በሻርፕ መሸፈን ጀመረች።

አንድ ቀን ሙቀቱ ሲበረታባት ሻርፑን አወለቀች። ፀጉሯን የምትሠራላት ደንበኛ ነርስ ነበረች። ድንቡሼ ማድረቂያውን ለማንሳት ጎንበስ ስትል ነርሷ በመስታወቱ አየቻት።

«የኔ እህት፣ አንገትሽን ለሐኪም አሳይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ታጥቤያለሁ እኮ!» አለች ድንቡሼ ደንግጣ።

«እድፍ ነው መቼ አልኩሽ? እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ከውስጥ ነው የሚመጣው። ደምሽን ተመርመሪ።»

ተመረመረች። ሐኪሙ ረጋ ብሎ አስረዳት። «ቆሽትሽ ኢንሱሊን ያመርታል። ኢንሱሊኑ ሰውነትሽን ‹ስኳሩን ከደም ተቀበል› ይለዋል፤ ሰውነትሽ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። ቆሽትሽ አብዝቶ እያመረተ እየደከመ ነው። አንገትሽንም ያጠቆረው ይኸው የበዛው ኢንሱሊን ነው። የስኳር በሽታ ገና አልያዘሽም፤ ደጅሽ ላይ ግን ቆሟል። ከቤተሰብ ስኳር ያለበት አለ?»

«ኧረ በዘራችንም የለ!»

ከክሊኒኩ ስትወጣ እግሯ ወደ አክስቷ ቤት ወሰዳት። የእናቷ እህት ናት። እንባዋን እየጠረገች የሆነውን ስትነግራት አክስቷ ግራ ተጋባች።

«እናትሽ የስኳር ኪኒን ከጀመረች እኮ ስንት ዘመኗ! አልነገረችሽም እንዴ?»

«የጨጓራ ነው የምትለኝ» አለች ድንቡሼ። ያን ኪኒን ማታ ማታ ከውሃ ጋር የምታቀርብላት እሷው ነበረች።

ቤት ስትደርስ እናቷ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ታናሽ እህቷ ልብስ ታጥፋለች።

«እማዬ፣ ስኳር አለብሽ?»

ቢላዋው ቆመ። እናትየው ቀና ብላ ያየችው ግን ጠያቂዋን ሳይሆን ታናሽየዋን ነበር። ድንቡሼ ያኔ ገባት።

«አንቺም ታውቂያለሽ!»

«ልጅ ሆኜ ነው የነገረችኝ» አለች እህቷ አቀርቅራ። «ጣፋጭ እንዳላበዛ ብላ።»

ያን ሁሉ ዓመት የእህቷ ድርሻ ኬክና ለስላሳ ወደ እሷ ሲገፋላት፣ ድንቡሼ «እማዬ ለእኔ ታደላለች» እያለች በልቧ ትኮራ ነበር።

«ለእሷ ስትነግሪ ለእኔ ምን ያዘሽ?»

«እሷ ቀጭን ናት፤ ትተርፋለች ብዬ...» አለች እናቷ። «አንቺ ግን ገና በልጅነትሽ ወፍረሽ ነበር። ብከለክልሽ ታለቅሻለሽ። ሆድ እንዳይብስሽ ብዬ ነው እንጂ ልጄ...»

«እኔማ አልተርፍም! ቆርጠሽ ጣልሽኝ በይኛ!»

«የእኔም አንገት እንደዚያው ነበር። ሰው ቆሻሻ እንዳይልሽ ፈርቼ ነው ታጠቢ የምልሽ።»

«ከሰው አፍማ አንድም ቀን አልሰማሁትም። የሰማሁት ካንቺ ነው።»

ልብሷን ሸክፋ አክስቷ ዘንድ ገባች። እናቷ በሩን ይዛ ቆማ ቀረች።

አዲሱ ኑሮ አልጋ ባልጋ አልሆነላትም። ወደ ሥራ በእግሯ መሄድ ጀመረች፤ ለስላሳውንም ተወች። አንዳንድ ቀን ግን ሆድ ሲብሳት ዳቦውን ሙልጭ አድርጋ ትበላና በራሷ ትናደዳለች። ሸንቃጣ አልሆነችም። ያም ሆኖ ከወራት በኋላ ሐኪሙ የደሟ ስኳር መውረዱን አበሰራት። ከደስታዋ የተነሳ የእናቷን ቁጥር መታች፤ ሳይጠራ ዘጋችው።

በዚያው ሰሞን እህቷ ሥራ ቦታዋ መጣች። «እማዬ ብቻዋን ነው የምትበላው። በቃ ነይ።»

«ሰላም በያት» አለች ድንቡሼ። «መምጣቱን ግን አንጀቴ እሺ አላለኝም።»

«እኔንስ አኩርፈሽኛል?»

«አንቺንም።»

ከዚያ ፎጣዋን አራግፋ ተረኛዋን ደንበኛ ጠራች።