ድንቹ ተልጦ እስኪያልቅ

በቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ወሬ የለም። ሐኪሙ የመሣሪያውን ስም ይጠራል፤ ነርሷ ስሙን ትደግማለች፤ መሣሪያውን መዳፉ ላይ ታሳርፍና አፏን ትዘጋለች። «መቀስ።» «መቀስ።» «መቆንጠጫ።» «መቆንጠጫ።» ከዚህ የተረፈች ቃል እዚያ ክፍል ውስጥ እንደ አቧራ ነው የምትታየው። በዚህ ሥራ አቻ ያልተገኘላትን አንዲት ነርስ ሐኪሞቹ ገደል ማሚቶ ይሏት ነበር። ኋላ ስሙ ሲረዝምባቸው ማሚቶ ብለው አሳጠሩት፤ እሷም እንደ ማዕረግ ተቀበለችው።

ችግሩ ይህ ልማድ ከጓንቱና ከጭንብሉ ጋር አብሮ አለመውለቁ ነው። ቤቷ ገብታም ያው ናት። አውቶቡስ የሚነዳው ባሏ «ቀኑ እንዴት ነበር?» ሲላት «ቀኑ? ደህና» ትልና ትጨርሳለች። እሱ እንኳ ተሳፋሪ ሲጮህበት ለሚውል ሰው እንዲህ ያለች ሚስት ሎተሪ ናት ባይ ነው። የተጎዱት አማቷ ነበሩ።

አማቷን ሰፈሩ ሬዲዮ ይላቸዋል። ከኋላቸው ነው የሚላቸው፤ እሳቸው ግን ያውቃሉ፣ ደስም ይላቸዋል። ዳቦ ሊገዙ ወጥተው የሦስት ቤት ጉድ ይዘው ይመለሳሉ፤ ዳቦውን ረስተውት። እንዲህ ያሉ ሴት የወሬ ረሃብተኛ ሆነው ከምራታቸው ፊት ይቀመጣሉ፤ የሚያገኙት ግን «እህ» ብቻ ነው። አንድ ጊዜማ እህታቸው ሐሞት ከረጢቷ ታሞ ቀዶ ጥገና ገባች፤ ማሚቶ ከውስጥ ወደ ኮሪደሩ ብቅ አለችና «ደህና ናት» ብላ በሩን መልሳ ዘጋችው። ሬዲዮ ይህን እስከ ዛሬ አልተዉላትም። «ደህና ናት! ምን ማለት ነው ደህና ናት? ነቅታለች? አሟታል? ስሜን ጠርታለች? እኔ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ነፍሴ አፌ ላይ ደርሳ፣ እሷ ሁለት ቃል ወርውራልኝ እልም!»

እንግዲህ ይህችን ሴት ነው ፈተና ላይ አስቀምጠው «እስቲ በእንግሊዝኛ ያውሩ» ያሏት።

ነገሩ የሚጀምረው በሆስፒታሉ ኮሪደር ጫፍ ላይ ካለ አንድ የተቆለፈ ክፍል ነው። ለልጆች የልብ ቀዶ ጥገና የተሠራ አዲስ ክፍል ነው። መብራቶቹ ተሰቅለዋል፣ ማሽኖቹ ገብተዋል፣ የአንዳቸውም ላስቲክ አልተገፈፈም። ሐኪሙም ሙያውን ተምሮ መጥቷል። የጎደለው በዚያ ሥራ የሠለጠነ ነርስ ብቻ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ «ከማሚቶ እጅ ሌላ እጅ አላምንም» ብሎ ቁርጡን ተናገረ። ውጭ አገር ያለ ማሠልጠኛ ለአንድ ዓመት ሊቀበላት ቦታ ያዘላት፤ የጠየቃት የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናውን እንድታልፍ ነው። ማንበቡን፣ መጻፉን፣ ማዳመጡን እንደ ቀልድ አለፈችው። መናገሩ ላይ ወደቀች። ደግማ ተፈተነች፤ ደግማ ወደቀች። ማሠልጠኛው አንድ ዕድል ብቻ እንደቀራትና ካልሆነላት ቦታውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ አስታወቃት።

ቦታው ከሄደ ክፍሉ እንደተቆለፈ ይከርማል ማለት ነው። ቁልፉን የያዘችውና አቧራውን የምትጠርገው እሷ ነበረች። ልጃቸውን ታቅፈው መጥተው «እዚህ አይቻልም» የሚባሉ ወላጆች የሚመለሱት በዚያው በር በኩል ነው፤ ሁሉንም ታያቸዋለች። ይህን ግን ለማንም አልተናገረችውም።

የሚያስጠናት የእንግሊዝኛ መምህር ትዕግሥተኛ ሰው ነው። አንድ ቀን እንደ ፈታኝ ኮስተር ብሎ ተቀመጠና በእንግሊዝኛ «ምግብ ማብሰል ይወዳሉ?» አላት።

«ማብሰል። አዎ» አለች።

መምህሩ ጠበቀ። እሷም ጠበቀች። በእሷ ቤት ጥያቄውን ደግማለች፣ መልሱን አስረክባለች፤ የሚቀጥለውን እስኪጠራላት ነው የምትጠብቀው። መምህሩ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና ወደ አማርኛ ተመለሰ።

«እህቴ፣ ሰዋስውዎ ከእኔ አያንስም። ቃላቱም አሉዎት። ለመሆኑ በአማርኛም እንዲህ ነዎት?»

«በአማርኛ። አዎ።»

መምህሩ መጽሐፉን ከደነው። «እንግዲያው የጎደለዎት እንግሊዝኛ አይደለም፤ ጨዋታ ነው። እሱን ደግሞ እኔ አላስተምርም። ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ይፈልጉ።»

ማሚቶ እግሯ እየተጎተተ ወደ ቤቷ ሄደች። ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ለማግኘት ከሳሎን አልፎ ወጥ ቤት መግባት ብቻ ይበቃታል፤ እግሯን ያከበደውም ይኸው ነው።

ሬዲዮ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ድንች ይልጣሉ። ማሚቶ በሩ ላይ ቆማ ጥቂት አመነታችና «እማማ፣ ማውራት ያስተምሩኝ» አለች።

ሬዲዮ ቢላዋውን አስቀመጡ። ሊስቁ ፈልገው ነበር፤ የልጅቱ ዓይን እንባ እንዳዘለ ሲያዩ ግን ሳቃቸውን ዋጡት። «ቁጭ በይ» አሉ።

ማሚቶ ቁጭ እንዳለች እጇ ሌላ ቢላዋና አንድ ድንች አነሳ። ሬዲዮ ሁለቱንም ቀሟት። «የለም የለም! አንቺ እጅሽ ሥራ ሲይዝ አፍሽ ይቆለፋል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ እንዲህ አድርገው ሠርተውሻል። እኔ እልጣለሁ፣ አንቺ ታወሪያለሽ። ይህቺ ድንች ተልጣ እስክታልቅ ዝም ማለት ክልክል ነው።»

«ስለ ምን ላውራ?»

ሬዲዮ ዙሪያውን ቃኙና በሩ ሥር የተገለበጠች ነጠላ ጫማ አገኙ። «ስለዚያች ጫማ።»

«ጫማ። የባሌ ናት።»

«እሺ?»

«በአንድ ጎኗ አልቃለች።»

«እሺ?»

እሺታው እዚያው ቀረ። ድንቿ ገና ሩቧም አልተላጠ። «ወይ ፍዳዬ!» አሉ ሬዲዮ። «በአንድ ጎኗ አለቀች ብለሽ ዝም? ለምን በአንድ ጎኗ? ልጄ እኮ ዳዴ ሲል ጀምሮ ግራ እግሩን ይጎትታል» ብለው ጀመሩ። ከዚያ ወደ ልጃቸው የመጀመሪያ ጫማ፣ ከጫማው ወደ ሰፋው ሰው ሠርግ፣ ከሠርጉ ወደ ጠፋው የሙሽራዋ ቀለበት ሄዱ፤ ድንቹ ሁሉ ተልጦ ሲያልቅ ዞረው እዚያችው ነጠላ ጫማ ላይ መጡ። ማሚቶ አፏን ከፍታ ቀረች። ይህን ሁሉ ጊዜ ከእኚህ ሴት ጋር ስትኖር ለካ አንድም ቀን አላዳመጠቻቸውም ነበር፤ አፈረች።

«አየሽ ልጄ» አሉ ሬዲዮ እጃቸውን እየታጠቡ፣ «እነዚያ ፈታኞች ማብሰል ብትወጂ ባትወጂ ምናቸው ነው? ሊያጫውቱሽ ነው። ሰው ሲያጫውትሽ እየመለስሽ በሩን አትዝጊበት።»

ከዚያ በኋላ ቤቱ የድንች ቤት ሆነ። የተቀቀለ ድንች፣ የተጠበሰ ድንች፣ የድንች ሾርባ። ባልየው ሥራ ውሎ ሲገባ ድስቱን ከፍቶ «ዛሬም?» ይላል፤ እናቱም «ሚስትህ ትማርበት!» ብለው ይከድኑበታል። የማሚቶ ወሬ መጀመሪያ ልጣጩ ሳይረግፍ ያልቅ ነበር፤ እያደር ግማሽ ድንች አዳረሰ። ስለ ጃንጥላዋ አወራች፣ ስለ ተሰነጠቀው ብርጭቆ አወራች፣ ስለ ባሏ ማንኮራፋት አውርታ አማቷን በሳቅ ገደለቻቸው። አንድ ቀን ሬዲዮ ድንቿን ጨርሰው ሁለተኛዋን ሲያነሱ እሷ ገና አልበቃትም ነበር።

ወደ እንግሊዝኛው የዞሩት ያን ጊዜ ነው። ሬዲዮ አንዲት ቃል አይሰሙም፤ ግን ተቀምጠው ይልጣሉ፣ ፊቷን እያዩ ይዳኛሉ። «ምን እንዳልሽ እንጃልሽ፤ እዚህ ጋ ግን ፈርተሽ ዘለልሽው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ልክ እዚያች ጋ የጀመረችውን ትታ ወደ ቀላሉ ሸሽታለች። ማሚቶ ይህን ለመምህሩ ነገረችው። እሱም ከት ብሎ ስቆ «ድንቹን አያቋርጡ» አላት፤ በወሬ መሃል የሚጎብጥባትን እንግሊዝኛ እያረመ በደስታ ተከተላት።

ፈተናው ሲቃረብ ሬዲዮ «እስቲ ዛሬ ስለ ጫማም ስለ ጃንጥላም ተይኝ። ይህን ፈተና ለምን እንዲህ እንደምትፈልጊው አውሪልኝ» አሏት።

ማሚቶ ስለ አንዲት ልጅ አወራች። አባቷ ታቅፏት፣ ከንፈሯ ጠቆር ብሎ፣ በዚያ በተቆለፈው በር በኩል ሲያልፉ ልጅቱ አየቻትና «ከበሩ ኋላ ምን አለ?» ብላ ጠየቀቻት። «እኔም ክፍል አልኳት። ክፍል ብቻ። አባትየው ይዟት ሄደ። እማማ፣ ስንት ነገር ልነግራት እችል ነበር! ሊያድንሽ የሚችል ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል፣ እኔን ነው የሚጠብቀው፣ ተምሬ እመጣለሁ ልላት እችል ነበር። ክፍል ብዬ ዝም አልኩ!» አለቀሰች። የሬዲዮ ቢላዋ ቆሟል። በእጃቸው ያለችው ድንች በግማሽ እንደተላጠች ጠቁራለች።

«ይህንን ንገሪያቸው» አሉ በመጨረሻ።

የፈተናው ቀን ፈታኟ መነጽር ያደረገች፣ ከወረቀቷ ቀና የማትል ሴት ሆና ተገኘች። አንዲት ካርድ ወደ ማሚቶ ገፋችላት። ብዙ ጊዜ ልታሳልፍበት የምትመኘውን ቦታ እንድትገልጽ ነው የሚለው።

«ቦታ» አለች ማሚቶ፤ አፏም ግጥም አለ።

ያው ልማድ ተመልሶ መጣ! ጥያቄውን ደግማ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ የሚቀጥለውን ትጠብቃለች። ሰዓቱ ይቆጥራል። ፈታኟ እርሳሷን በጣቶቿ መሃል ቀስ እያለች ታዞራለች፤ ማሚቶም እርሳሱን አየችው። የሚያዞሩት ጣቶች ድንች የሚልጡትን የሬዲዮን ጣቶች መሰሏት። ድንቿ ተጀምራለች፣ ዝም ማለት ክልክል ነው።

«በሆስፒታላችን ኮሪደር ጫፍ ላይ አንድ በር አለ» አለች በእንግሊዝኛ። «አንዲት ልጅ ከኋላው ምን እንዳለ ጠይቃኝ ነበር፤ አልመለስኩላትም። ዛሬ ልመልስላት።»

በወሬዋ በሩን ለልጅቱ ከፈተችላት። ማሽኖቹን አንድ በአንድ አሳየቻት፣ ላስቲካቸው ሲነኩት እንዴት እንደሚንኮሻኮሽ ነገረቻት፣ በመስኮቱ የሚገባው የጠዋት ፀሐይ የቱ ጋ እንደሚያርፍ ነገረቻት፣ አቧራ ስትጠርግ ለባዶው አልጋ «ቆይ፣ እመጣለሁ» እንደምትለው ጭምር ሳታፍር ነገረቻት። አንድ ሁለት ጊዜ ግሡ አመለጣት፤ አልተመለሰችለትም። የፈታኟ እርሳስ መዞሩን አቆመ። ሴትዮዋ ቀና ብላለች።

«አመሰግናለሁ፤ ጊዜው አልቋል።»

«ይቅርታ፣ አልጨረስኩም!» አለች ማሚቶ። «መብራቶቹን እኮ አልነገርኩዎትም!»

ፈታኟ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘችው። የሚቀጥለው ጥያቄዋ ስለ መብራቶቹ ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ ከዘጠኝ ሰባት የሚበቃት ሴት ስምንት አግኝታ ተገኘች። ባሏ አውቶቡሱን አቁሞ ጥሩምባውን ነፋ፤ ተሳፋሪ ሲቆጣ «ሚስቴ አወራች!» አለ። ሬዲዮማ ዳቦ ልግዛ ብለው ወጥተው ሰፈሩን አዳርሰው ማታ ገቡ፤ ዳቦ የለም። ማሚቶ በማሠልጠኛው ሳለችም ስልክ ስትደውል የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ሁልጊዜ «እሺ?» ነበር፤ እሷም የውሎዋን ሁሉ ትዘረግፍላቸዋለች።

ተመልሳ ስትመጣ የማሽኖቹ ላስቲክ ተገፈፈ፤ የበሩ ቁልፍም ከኪሷ ወጥቶ ሁሉም የሚያየው መስቀያ ላይ ተሰቀለ። የመጀመሪያው ልጅ የገባ ዕለት ሬዲዮ ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ከልጁ እናት አጠገብ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሴትዮዋ በጭንቀት እንዳትሞት ስለ ጫማም ስለ ቀለበትም እያወሩ ያዟት። ውስጥ «መቀስ» ይባላል፤ «መቀስ» ይመለሳል። ከዚያ የተረፈች ቃል አልነበረችም።

ቀኑ አጋምሶ በሩ ተከፈተ። ሐኪሙ የመጨረሻዎቹን ስፌቶች ሲያይ ማሚቶን ቀድማ ወደ እናትየው እንድትሄድ ልኳታል። እናትየው ብድግ አለች።

«ደህና ነው» አለች ማሚቶ።

ሬዲዮ ዓይናቸውን አጥብበው አዩዋት።

ማሚቶ ጭንብሏን አወረደችና በሩን ክፍቱን ትታ ከእናትየው ጎን ተቀመጠች፤ እጇንም ያዘቻት። «ደህና ነው። ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ሲገባ አልፈራም፤ መብራቶቹን አይቶ ስንት እንደሆኑ ጠየቀኝና አብረን ቆጠርናቸው…» ብላ ጀመረች። እንዴት እንደተኛ ነገረቻት፤ ልቡ ስትሠራ ምን እንደምትመስል፣ ተጠግና ስትመለስ የከንፈሩ ቀለም እንዴት እንደተለወጠ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ፣ አሁን ማን አጠገቡ እንዳለ፣ ሲነቃ መጀመሪያ ምን እንደሚፈልግ ሁሉ ነገረቻት። እናትየው እያለቀሰች ትስቅ ጀመር።

ሬዲዮ ሊጨምሩበት አፋቸውን ከፈቱ። የሚጨምሩት ስላልነበረ መልሰው ዘጉትና አዳመጡ።