የኪዲ ወንበር

ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ልጃቸውን ሥርጉትን በአሮጌዋ ቀይ የጣሊያን ስፖርት መኪናቸው ሊድሯት ቃል ገብተው ነበር። በሠርጓ ቀን መኪናዋ ጓሮ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች፤ ሙሽራዪቱም በኪራይ መኪና ሄደች። ነገሩ ሆዳቸውን ሲበላቸው ኖረ። አሁን ሞተሩ ተነሥቷል፤ የልጅ ልጃቸው ኪዲም ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ወደ ክርስትናዋ ራሳቸው ነድተው ሊወስዷት ቆርጠዋል። ይህ ካመለጠ ሌላ ክርስትና የላትማ!

ሥርጉት የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት። የሕፃን ወንበር በወጉ ካልታሰረ ልጄ አትገባም አለች። መካኒኩ ገድሉ ሳቀ፤ እኛን ማን አስሮ አሳደገን፣ ታቅፈሻት አትሄጂም ወይ አላት።

«እኛ ዘንድ የሚመጡት የታቀፉት ናቸው» አለችው።

ገድሉ ከዚያ ወዲያ አልሳቀም።

መኪናዋ በተሠራችበት ዘመን ቀበቶ የሚታሰረው ሱሪ ላይ ብቻ ነበር። ወለሏንም ዝገት በልቶታል። ገድሉ ከሥር ወፍራም ላሜራ በየደና የሕፃኗን ወንበር ከነቀበቶው በአራት ብሎን አሰረው። ከዚያ ጠብ መጣ። ሥርጉት የሕፃን አንገት አልጠናም፣ ፊቷ ወደ ኋላ ይሁን አለች። ጋሽ ሀብተ ሥላሴ የቄስ ልጅ ናቸው፤ ሰው ለቤተ ክርስቲያን ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል እንዴ ብለው መልሰው አዞሩት። ወንበሩ አራት ቀን ሲዞር ሰነበተ። በመጨረሻ የንስሐ አባታቸው ቄስ መርስዔ ኀዘን ተጠየቁ። ስትሄድ ጀርባዋን የምትሰጠው ገና ያልተጠመቀችው ናት፤ ተጠምቃ ስትመለስ ፊቷ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው፣ ምን ነውር አለው ብለው ፈረዱ።

ቀጥሎ ለሙከራ ወንበሩ ላይ አሥር ኪሎ ሽምብራ ታሰረ። ጋሽ ሀብተ ሥላሴ በሐይቁ ዳር መንገድ ከነዱ በኋላ ፍሬኑን ረገጡት። ግንባራቸው መሪው ላይ አረፈ፤ ሽምብራው ንቅንቅ አላለም። በማግስቱ ለሾፌሩም ቀበቶ ተገጠመ።

የክርስትናው ጧት ኪዲ ነጭ ለብሳ ታሰረች። ጋሽ ሀብተ ሥላሴ መሪው ጋ ተቀመጡ። ሥርጉት በሩን ይዛ ቆማ ቀረች። መኪናዋ ሁለት ወንበር ነው ያላት፤ አንዱ የሾፌር፣ አንዱ የኪዲ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ነርሷም፣ መካኒኩም፣ ቄሱም ይህን አልቆጠሩም።

በባጃጅ ተከተይን አሏት። መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ እኔ ልንዳ አለች። ቁልፏን ለማንም ሰጥተው እንደማያውቁ ነገሯት።

«አባዬ፣ መንገድ ላይ ብታለቅስ እኔ ቆሜ አጠባታለሁ። እርስዎ ቆመው ምን ይሰጧታል?»

ገድሉ አዘነላቸው። ጠጋ ብሎ፣ አራት ብሎን ነው፣ በአሥር ደቂቃ የሕፃኗን ወንበር ላውጣና ሥርጉት ትቀፋት፣ ቅርብ አይደለም ወይ አላቸው። መፍቻውን እንደያዘ ነበር። ያኔ ምኞታቸው በእጃቸው ነበር። ጋሽ ሀብተ ሥላሴ የተኛችውን ሕፃን አዩ።

«ተው፣ አይነካም» አሉ። «ይህን ያህል የደከምሁት ለእሷ ነው።»

ቀበቷቸውን ፈቱ፤ ወርደውም ቁልፉን ለሥርጉት ሰጡ።

ከኪዲ የክርስትና እናት ከእናትዓለም ጋር ባጃጅ ውስጥ ገቡ። መኪናዋ በዘንባባው መንገድ ከፊታቸው ትሄዳለች። ስትሄድ ከውጭ አይተዋት አያውቁም ነበር። ታምራለች። እናትዓለም ምን ሆኑ ብላ ጠየቀቻቸው።

«ከፍቶኛል» አሉ። «ቀስ ብላ እየነዳች ነው፤ ደስም ብሎኛል።»