ፈረሶች መጨረሻ ይሄዳሉ

እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ሰልፍ አዘጋጅ አይደለሁም። ይህንን ለርዕሰ መምህራችን ለሚስተር ሃልቨርሰን በግልጽ ነግሬዋለሁ። አልሰማኝም። ሰውዬው አንድ ሐሳብ ከመጣለት ጆሮው ይደፈናል።

ሐሳቡ ይኼ ነው። ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ገብቷል፤ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አልቋል፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆቼም የአገራቸውን የአሜሪካን የመቶ ዓመት ታሪክ ሊፈተኑ ነው። በየዓመቱ ለክለሳ እኔ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ እነሱ ይተኛሉ። "ዘንድሮ ክለሳውን አስፋልት ላይ እናውጣው!" አለ ሃልቨርሰን። ከተማችን ኤልም ፎርክ በወታደሮች መታሰቢያ ቀን ምንጊዜም ሰልፍ አላት። እናም እያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያንና ማኅበር አንድ የዘመኑን ጉዳይ በተጎታች ላይ አሳምሮ ያልፋል፣ ተማሪ ቆሞ ያያል፣ በማግስቱ ይፈተናል።

"ባይገባቸውስ?" አልኩት።

"ቢያንስ ቆሞ የሚተኛ የለም" አለኝ።

እኔን ያሳሰበችኝ ትሪና ቮስበርግ ነበረች። የነርስ ማሠልጠኛ ተቀብሏታል፤ ግን የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ካላመጣች ቦታው ለሌላ ሰው ነው፤ የቀራት ደግሞ የእኔ ፈተና ብቻ። ሰነፍ አይደለችም። ነገር በተራ አይያዝላትም እንጂ። ጥር ላይ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ጨረቃ ላይ ከወጣን በኋላ አምጥታው ነበር። ከወደቀች የሚጠብቃት እናቷ የምትሠራበት ዶሮ ማረጃ ፋብሪካ ነው። እዚያ ሁልጊዜ ክፍት ቦታ አለ።

ፈተናዬ አንድ ጥያቄ ነው፤ ማንም ያውቀዋል። የክፍለ ዘመኑን ዋና ዋና ጉዳዮች፣ አንዱ ሌላውን እንዴት እንደወለደ፣ በቅደም ተከተል አስረዱ። ለአንድ ጉዳይ አንድ ገጽ። ለቅደም ተከተሉ ብቻ ሠላሳ ነጥብ። ተራ የሌለው ታሪክ ወሬ ነው፤ በዚህ ቀልድ አላውቅም።

ስለዚህ ሰልፉን በተራ አዘጋጀሁ። ከፊት የገበሬው ዘመን፣ ማለትም ጋሪ የሚጎትቱ የአባባ ኦርቪል ፈረሶች፤ ከኋላ ኮምፒዩተር። ይህንኑ ይዤ እትዬ በርኒስ ዘንድ ሄድኩ። ሰልፉን የምትመራው እሷ ናት። ከንቲባ ይቀያየራል፤ በርኒስ ግን ያው በርኒስ ናት።

"ፈረስ መጨረሻ ነው" አለች፣ መነጽሯን እንኳ ሳታደርግ።

"እትዬ በርኒስ፣ ፈረስ መጀመሪያ ነው። ሺህ ዘጠኝ መቶ ላይ ትራክተር አልነበረም።"

"ፋንድያስ አልነበረም?"

"ነበረ።"

"የሙዚቃ ጓዱ ነጭ ጫማ ነው የሚያደርገው። ከፈረስ ኋላ ማን ሊሄድ ነው? አንተ?"

በእኛ አገር ብዙ ነገር ተጥሷል። ሕገ መንግሥቱም ሳይቀር። በሰልፍ ላይ ፈረስ ያስቀደመ ግን የለም።

"እንግዲያ ፈረሶቹ ይቅሩ" አልኩ።

"ይቅሩ? ኦርቪልን ራስህ ንገረዋ! ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው!"

አባባ ኦርቪል ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሲቆጡም አይጮኹም፣ ዝም ብለው ነው የሚያዩት። አልነገርኳቸውም።

"ገልብጠዋ!" አለኝ ሃልቨርሰን። "ከኮምፒዩተር ጀምሮ ወደ ኋላ ይሂድ። ፊተኞች ኋለኞች ይሆናሉ ተብሎ የለ?"

ጌታ ይህንን ሲናገር የታሪክ ፈተና አስቦ አይመስለኝም። ተገለበጠ።

ሰልፉ ላይ ለሠራ ተማሪ አምስት ነጥብ እሰጣለሁ ብዬ ነበር። ትሪና ስትመጣ የተረፈው ሥራ አንድ ነው፤ ከፈረሶቹ ኋላ አካፋ ይዞ መሄድ።

"ይሁን ቲቸር" አለች። "ከዶሮ አይብስም።"

ቀኑ ደረሰ። ኮምፒዩተሩ መጀመሪያ አለፈ፤ ካርቶን ነበር፣ ነፋስ ወሰደው። የጥቁሮችን የመብት ትግል የወሰዱት የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። ችግሩ፣ በከተማችን ያሉት ጥቁር ሰው ሐኪማችን ዶክተር ኮልማን ብቻ መሆናቸው ነው። ፓስተራቸው ሄደው "ከፊት ሆነው ይምሩን" ብለው ለመኗቸው። "እኔ በልጅነቴ ለመብቴ ተሰልፌ ሄጃለሁ፤ ፖሊስም ውሻ ለቆብኛል" አሉ ዶክተሩ። "አሁን ደግሞ እናንተ ሂዱ፣ እኔ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ልይ።" ወንበር አውጥተው አዩ። ሉተራኖቹ ሲያልፉም በጨዋነት አጨበጨቡላቸው።

የሠላሳዎቹ ዓመታት የኢኮኖሚ ድቀት እንደ ያኔው ነጻ ሾርባ ስላደለ በጣም ተወደደ፤ ሁለቴ የተሰለፉ አሉ። የሴቶች የድምፅ መብት ረጅም ቀሚስ ለብሶ እየፎከረ ሲያልፍ፣ የአንዷ ባል ከዳር ሆኖ "ምሳው የት ነው ያለው?" ብሎ ጠየቃት። ነገረችው።

መጨረሻ ላይ ፈረሶቹ መጡ፤ ከኋላቸው ትሪና። ስትዝቅ አባባ ኦርቪልን ከጋሪው ላይ ታነጋግራቸዋለች።

"አባባ፣ ሰዉ ፈረሱን ለምን ሸጠ?"

"ትራክተር ሊገዛበት።"

"የፈረስ ዋጋ ትራክተር ይገዛል?"

"የት ይገዛል! ቀሪውን ከባንክ ተበድሮ ነዋ። ቅድመ አያትሽ እርሻውን በምን ያጣ መሰለሽ?"

ትሪና ሙሉ አካፋ ይዛ መንገዱ መሃል ቀጥ አለች። "አንቺ ልጅ፣ ኋላ ቀረሽ!" ብዬ ጮህኩባት።

በማግስቱ ተፈተኑ። የትሪናን ወረቀት ሳነሳ የመጀመሪያው ገጽ የሚጀምረው ከእናቷ ነው። ወይ ጉድ! አልኩ። ገልብጣዋለች።

እናቴ ዶሮ ትበልታለች፤ ጣቶቿ ስላበጡ ማታ ማታ ቆርቆሮ የምከፍትላት እኔ ነኝ፣ ይላል። ለምን? የትራክተር ፋብሪካው ሥራውን ርካሽ ጉልበት ወዳለበት አገር ወስዶ ስለዘጋ። ያዋለደኝ ሐኪም ጥቁር ነው፤ ሰው አደባባይ ወጥቶ ባይሰለፍ ሕክምና ትምህርት ቤት አያስገባውም ነበር። ፋብሪካው ለምን ተስፋፋ? በጦርነቱ ጊዜ ጥይት ይሠራ ስለነበር። ገበሬው እርሻውን ትቶ ለምን ፋብሪካ ገባ? እርሻውን ባንክ ስለወሰደው። ባንክ ለምን ወሰደው? እያለች፣ እያለች፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ቅድመ አያቷ ፈረሶቹን ይሸጣል።

አንድም ስሕተት አላገኘሁም። ከቅደም ተከተሉ በቀር። ሠላሳ ነጥብ ቀነስኩ፤ ወደቀች። አምስቱን ጨመርኩ፤ ያም ሆኖ ወደቀች።

ተነሥቼ በክፍሉ ውስጥ ተንጎራደድኩ። ሃልቨርሰንን ሰደብኩ። በርኒስን ሰደብኩ። ፈረሶቹን አልሰደብኩም፣ ምን አጠፉ? ከዚያ ተቀመጥኩና ገጾቹን ያያዘውን ሽቦ በጥፍሬ ነቀልኩ። የመጨረሻውን ገጽ ከላይ፣ የመጀመሪያውን ከታች አድርጌ መልሼ አያያዝኩት። አንድ ፊደል አልጨመርኩም። ከዚያ እንደ አዲስ አነበብኩት፦ ፈረስ፣ ትራክተር፣ ብድር፣ ድቀት፣ ጦርነት፣ ፋብሪካ። ሁሉም በተራው።

ታዲያ መጨረሻው ገጽ ላይ ማን ብትቀመጥ ጥሩ ነው? እናቷ። ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ተኝታለች። ዕድሜ ልኬን ይህንን ክፍለ ዘመን የምጨርሰው ኮምፒዩተር ላይ ነው። አለቀስኩ፤ መሐረብ እንኳ አልያዝኩም ነበር።

በነጋታው ትሪና ስትገባ ፊቷ አመድ መስሏል።

"ወደቅኩ አይደል ቲቸር?"

"አልፈሻል።"

"ተራውስ? ቤት ስገባ ነው ትዝ ያለኝ፤ ገልብጬዋለሁ እኮ!"

"የተገለበጠው አያያዙ ነው። አቃንቼዋለሁ።"

ወረቀቱን ወስዳ ገለጠችው። መጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

"እማዬ ላይ አለቀ ማለት ነው?"

"አዎ፣ እሷ ላይ አለቀ።"

"አላለቀም ቲቸር" አለች፣ ወረቀቱን እየመለሰችልኝ። "ነገም ፈረቃ አላት።"