በእጅ ብልጫ የተመረጠው ኮት

የአክስቴ ጣሪያ ወንፊት ነው። ባለፈው ክረምት ዝናቡ ውጭ ካባራ በኋላ ቤት ውስጥ ሳምንት ሙሉ ይዘንብ ነበር፤ ውሸት ከሆነ ጎረቤት ይመስክርብኝ። ዘንድሮ ቆርቆሮ ገዝታ ደጇ ላይ ቆልላለች። የቀራት የማደሻ ፈቃድ ነው፤ እሱን የሚፈርሙት ደግሞ የሰፈራችን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ናቸው። ደመናው መጠቋቆር ጀምሯል።

ቢሯቸው በሄድን ቁጥር የምናገኘው ወንበራቸው ላይ የተንጠለጠለ ግራጫ ኮት ነው።

«ኮታቸው እኮ አለ፣ እማማ። እዚሁ ናቸው፤ ይመጣሉ» ትላለች ጸሐፊዋ።

እንቀመጣለን፤ አይመጡም። ኮቱ ግን ቀርቶ አያውቅም። ከመሰንበቱ የተነሳ ኪሱ ውስጥ የገባች ሸረሪት ልጇን ድራ የልጅ ልጅ አይታለች። እኔም ሲሰለቸኝ «እንዴት አደሩ ጌታዬ?» እለው ጀመር። አክስቴ በክርኗ ትጎሽመኛለች። «አንተ ቀላማጅ፣ ታስባርረናለህ።»

በዚህ መሃል ማሻሻያ የሚሉት ነገር መጣ። ነዋሪው ተሰብስቦ ስለ አገልግሎቱ ይናገራል፤ ደህና የሠራውን ሠራተኛ እጅ አውጥቶ ይመርጣል፤ ኃላፊውም ፊት ለፊት ተቀምጠው ይሰማሉ። አዳራሹ ጢም አለ። ብዙዎቻችን የኃላፊውን መልክ ያየነው ገና ያን ቀን ነው። በሸሚዝ ነበሩ።

ስብሰባውን የምትመራው ጡረተኛዋ አዋላጅ «እሺ፣ ማንን እንምረጥ?» አለች።

እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ ወጣ። አክስቴ ሸሚዜን ጎተተችኝ። «ጣሪያዬን በምላስህ እንዳታፈርሰው።» ምን ዋጋ አለው፣ ቆሜያለሁ።

«እኔ የምጠቁማቸው ከሁሉም ቀድመው የሚገቡ፣ ጭራሽ የማይወጡ፣ ስብሰባ የማይጠራቸው፣ ባለጉዳይ ገላምጠው የማያውቁ ሰው ናቸው።»

«ማን ናቸው እኚህ ቅዱስ?»

«የኃላፊው ኮት።»

አዳራሹ በሙሉ ወደ ኃላፊው ዞረ። ከዚያ ከኋላ የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ሳቁ አፈትልኮበት እጁን አወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት። ጸሐፊዋ እንኳ ፀጉሯን የምታበጅ መስላ እጇን ከፍ አደረገች።

ኃላፊው ተነሱና ወጡ።

«በቃ» አለች አክስቴ። «ዘንድሮም ጃንጥላ ይዤ ልተኛ ነው። እግዜር ይይልህ።»

እኔም ሹልክ የምልበትን በር በዓይኔ መፈለግ ጀመርኩ።

ሰውየው ግን ተመለሱ፤ ኮቱን ለብሰዋል። ተሰቅሎ በኖረበት ዘመን እሳቸው ወፍረው ኖሮ ቁልፉ አልገጥም አለ።

«ምስጋናውን እኔ እቀበልለታለሁ» አሉ፤ ጆሯቸው ቀልቷል። «ቅሬታውን ግን ለኔ ንገሩኝ። እሱ አይሰማም።»

አክስቴ ብድግ አለች። «ልጄ፣ ከኮትህ ጋር እንኳ ተላምደናል፤ ካንተ ጋር ገና መተዋወቃችን ነው። የጣሪያ ፈቃድ ነበር የፈለግሁት።»

ማመልከቻዋ ከቢሮ መጣ። እዚያው መድረኩ ላይ አነበቡት፤ የጎደለ ነገር አልነበረውም። እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሳቸው ውስጥ እጃቸውን ሲሰዱ ለሸረሪቷ ቤተሰብ አዘንኩ። ፈረሙ።

አሁን ወንበሩ ባዶ ሲሆን ጸሐፊዋ «የሉም፤ ከሰዓት ይምጡ» ትላለች፤ ከሰዓት ስንሄድም ይገኛሉ። ይህን ለሩቅ ዘመዶቼ ስነግራቸው ካወራሁት ሁሉ አላምን ያሉኝ ይሄንኑ ነው።

የመጀመሪያው ዝናብ የመጣው ቆርቆሮው በተመታ ማግስት ነው። አክስቴ ወለሉ መሃል ወንበሯን አስቀምጣ ቀና ብላ ታያለች፤ ጠብ የሚል የለም። እኔ ስለ ኮቱ ጨምሬ ጨማምሬ እያወራሁ ነው፤ የጣሪያው ጩኸት ግን ድምፄን ዋጠው።

«እሰይ» አለች አክስቴ፣ እግሯን ዘርግታ። «አንተን ዝም የሚያሰኝ ነገርም ተገኘ።»