የሞምባሳው አማች ቪዛ

ከሚሴ ላይ «ድንበር ይጠበቅ» ከሚሉት ሰዎች ሁሉ የሙሐመድዘይንን ያህል የሚጮህ አልነበረም። ሙሐመድዘይን የከብት ነጋዴ ነው። ሰኞ ባቲ ይወርዳል፣ ሌላውን ቀን ጨፋ ሮቢት ይውላል፤ ገበያ በሌለበት ቀን ደግሞ ከመስጊዱ ፊት ለፊት ያለችው ሻይ ቤት ተቀምጦ ከጀይሉ ጋር ይሟገታል። ጀይሉ አብሮ አደጉ ነው። ወጣትነቱን ጅዳ ላይ መኪና ሲነዳ አሳልፎ ተመልሷል፤ አሁን የልብስ ሱቅ አለው። ሬዲዮው አፍሪካውያን ከአገር አገር ያለ ቪዛ ይዘዋወሩ የሚል ወሬ ባነሳ ቁጥር የሁለቱ ሻይ ሳይጠጣ ይቀዘቅዛል።

«አሏህ ምድርን ሲፈጥር ኬላ አላቆመባትም» ይላል ጀይሉ።

«ኬላ ባያቆምም ለሰው አእምሮ ሰጥቶታል፤ ሰው ደግሞ አጥር ሠራ። አጥር የሌለው ማሳ የጎረቤት ከብት ቀለብ ነው።»

«የማንን ከብት ነው የምትለው? ያንተን ነዋ! የጨፋን ማሽላ ያንተ በሬዎች አይደሉ እንዴ የጨረሱት?»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ሙሐመድዘይን ግን አይስቅም፤ ነገሩ ለእሱ የጨዋታ ነገር አልነበረም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አውሮፓ ያለው ልጁ ሚፍታህ ወንድ ልጅ ወለደ። ሙሐመድዘይን የልጅ ልጁን ሊያይ ተነሣ። አዲስ ኮት አሰፋ፣ አዲስ አበባ ሄደ፣ ከአንድ ኤምባሲ በር ላይ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ ቆመ። ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠችው ሴት በአስተርጓሚ ጠየቀችው።

«ሄደው እንደማይቀሩ ምን ማስረጃ አለዎት?»

«በሬዎቼ» አላት።

«በጽሑፍ የተደገፈ?»

«በሬ ምን ጽሑፍ አለው? ያለው ቀንድ ነው።»

አስተርጓሚው ሳቁን ዋጠ፤ ሴትዮዋ አልሳቀችም። ከሳምንታት በኋላ ፓስፖርቱ ተመለሰለት፤ ሄጄ እመለሳለሁ ያለው አላሳመነንም ተብሏል። ከሚሴ ሲደርስ «ብርዱ ለጉልበቴ አይሆንም ብዬ ተውኩት» አለ። ያመነው የለም፤ ፊት ለፊት የነገረውም የለም፤ ከጀይሉ በቀር። ሙሐመድዘይን ከዚያ ወዲህ ነው የድንበር ዘበኛ የሆነው። እኔን የከለከለ ዓለም ለማንም እንዳይከፈት የሚል ቂም ሆዱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለው ሰው ነው አሏህ ከሞምባሳ አማች የላከለት።

ሴት ልጁ ሩመይሳ ዶሃ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ሠርታ በቅርቡ ነው የተመለሰችው። ለእናቷ ለዑሙልኸይር፣ እዚያው ሆቴል አብሯት ሠርቶ እሱም ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ሰው ለትዳር እንደፈለጋት፣ እሷም እንደወደደችው ነገረቻት። ዑሙልኸይር ደግሞ ለባሏ ከወሬው የሚጥመውን መርጣ አቀረበች። ሙስሊም ነው አለች፤ ሶላቱን የማያጓድል፣ እናቱን የሚጦር ነው አለች። አገሩን ግን ለሌላ ቀን አሳደረችው።

ያ ሌላ ቀን ሐሙስ ሆነ። ሙሐመድዘይን ከገበያ ሲመለስ በሩ ላይ ነጭ ቀሚስና ጥልፍ ቆብ ያደረገ፣ እንደ ባሕር ዛፍ የረዘመ ጠይም ሰው ቆሟል። ከጎኑ ጀይሉ፣ የዒድ ልብሱን ለብሶ።

«ማነው ይሄ?»

«እንግዳ ነው። ስዋሌህ ይባላል።»

«ምን ማለት ነው ስዋሌህ?»

«ሷሊህ ማለት ነው፤ እነሱ ሲጠሩት እንዲህ ነው። ከሞምባሳ ነው የመጣው፣ ከኬንያ። ሩመይሳን ሊጠይቅ ነው። እዚህ ሽማግሌ ስለሌለው ሽማግሌው እኔ ነኝ።»

ሙሐመድዘይን እንግዳውን ከቆቡ እስከ ጫማው አየው። ከዚያ ከአፉ የወጣው ሌላ ሳይሆን «በምን ቪዛ ገባ?» የሚል ነበር።

ጀይሉ ይህችን ጥያቄ ዕድሜ ልኩን ሲጠብቃት የኖረ ይመስል ፊቱ በራ። «ያለ ቪዛ! ለኬንያ ሰው እኮ አይጠየቅም። ቦሌ ላይ ማህተም ጠቅ፣ እንኳን ደህና መጣህ፣ አለቀ።»

«ቦሌ ካልጠየቀው እኔ እጠይቀዋለሁ» አለና ሙሐመድዘይን ብቻውን ገብቶ የቆርቆሮ በሩን ከኋላው ጠረቀመው።

ዑሙልኸይር እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ያረቢ! እንግዳ በር ላይ ይቆማል እንዴ? ነውር አይደለም እንዴ፣ የሚፍታህ አባት?»

«እኔ ፀሐይ አናቴን እስኪበሳኝ ኤምባሲ በር ላይ ስቆም ማን ነውር ነው አለ? ተራው ሲደርስ ይጠራል።»

ተራው ግን አልደርስ አለ። ልጅቷን የሚድረው ወሊይ አባት ነውና ያለ እሱ ፈቃድ ኒካህ የለም፤ ይህን ደግሞ ሙሐመድዘይን ያውቃል። ሷሊህ ጀይሉ ቤት እያደረ በየማለዳው መጥቶ ከበሩ ፊት ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ሙሐመድዘይን ሲወጣ ብድግ ብሎ ይሰላማል። ሙሐመድዘይንም ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነውና «ወዐለይኩም ሰላም» ብሎ፣ ሌላ ቃል ሳይጨምር ያልፋል።

አባት የዘጋውን ሰፈሩ ከፈተው። ጎረቤታቸው ሰዒዳ መጀመሪያ ጥላ አመጣችለት፤ ቀጥላ ገንፎ አመጣች፤ ገንፎውን ጠርጎ ሲበላላት ደግሞ የተበላሸ የውሃ ፓምፕ አመጣችለት። ሷሊህ አገሩ ላይ የጀልባ ሞተር የሚፈታ ሰው ነበረና ፓምፑን ጠግኖ አስነሣው። ከዚያ በኋላ ድንጋዩ ዙሪያ ወረፋ ሆነ። አንዱ ጀነሬተር፣ አንዱ ባጃጅ ይዞ ይመጣል። እሱም በተራው «አካም ቡልተኒ» ማለትን ተማረና ያለፈ ያገደመውን ሁሉ፣ በግ ሳይቀር፣ እንዴት አደራችሁ ይል ጀመር።

አንዲት ነገር ብቻ አልገባችውም። የሰፈሩ ሰው በኦሮምኛ አማች ለማለት «ሶዳ! ሶዳ!» እያለ ይጠራዋል። በሱ አገር ሶዳ ማለት ለስላሳ መጠጥ ነው። ስለዚህ በተጠራ ቁጥር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱን ይነቀንቃል፤ ይህ ሁሉ ሕዝብ ለስላሳ ሊጋብዘው መሽቀዳደሙ ልቡን ነካው።

አንድ ቀን የጨፋ ሮቢት ገበያ ቀዘቀዘና ሙሐመድዘይን ቶሎ ተመለሰ። ድንጋዩ ላይ ማንም የለም። «ሰለቸው፤ ሄደ» አለ በሆዱ። ደስ ሊለው ሲገባ ቅር አለው፤ ለምን ቅር እንዳለው ግን አልገባውም። በሩን ከፍቶ ሲገባ ከማድ ቤት ሳቅ ሰማ። ጎንበስ ብሎ ቢያይ ሷሊህ የዑሙልኸይርን ሽርጥ አገልድሞ ድስት ያማስላል፤ ሰዒዳ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ዑሙልኸይር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታዛለች። ሩመይሳ በወጉ ጓዳ ውስጥ ናት፤ ሳቋ ግን ማድ ቤት ነው።

«በየት ገባ?»

«በጓሮ» አለች ዑሙልኸይር፣ ቅንጣት ሳታፍር።

«በጓሮ! በሕገ ወጥ መንገድ!» ሙሐመድዘይን ጮኸ። «ማን ነው ያሻገረው? ደላላው ማን ነው?»

ሰዒዳ ሽንኩርቱን እንደ ያዘች ቀስ ብላ እጇን አነሣች። የሰዒዳ ጓሮ ወደ ዘመዷ ጓሮ፣ የዘመዷ ጓሮ ደግሞ ወደ እነሱ ጓሮ እንደሚያወጣ ሙሐመድዘይን ያውቃል፤ መንገዱን ራሱ ሲመላለስበት ኖሯል።

ጀይሉ ተጠርቶ መጣ። ሙሐመድዘይን «ይህን ሰው አስወጣልኝ!» ሲለው ጀይሉ አፍንጫውን ወደ ድስቱ አዘነበለ። «ልክ ነህ፣ መባረር አለበት። ግን ሩዙ ይብሰልና።»

ሩዙ በሰለ፤ በኮኮናት የተሠራ ነበር። ሙሐመድዘይን ለተቃውሞ ያህል ከሁሉም ርቆ ተቀምጦ በላ። በዝምታ ደገመ። ሳህኑ ላይ የቀረችውን በጣቱ ከጠረገ በኋላ ተነሥቶ «ቃለ መጠይቁ ነገ ነው» ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ሙሐመድዘይን ያንን ለኤምባሲ ያሰፋውን ኮት ለብሶ ከሳሎኑ መስኮት ውስጥ ወንበር አስቀምጦ ተቀመጠ። ሷሊህን ከውጭ በረንዳው ላይ አስቆመው። በመሃላቸው የመስኮቱ ብረት ነበር። ጀይሉ በጅዳ አረብኛው ሊያስተረጉም በረንዳው ላይ ቆመ። ዑሙልኸይር ምንጣፉ ላይ ነበረች፤ ሩመይሳ ከመጋረጃው ጀርባ።

«የመጣበት ዓላማ?»

ጀይሉ ጠየቀ። ሷሊህ እጁን እያወናጨፈ ብዙ ተናገረ።

«ለሰላም ነው ይልሃል» አለ ጀይሉ።

«ይህን ሁሉ አውርቶ ሰላም ብቻ?»

«የቀረው ስላንተ ደግነት ነው፤ እንዳትኮራ ብዬ ቆረጥኩት።»

ከመጋረጃው ጀርባ «አባዬ» የሚል ድምፅ መጣ፤ «እሱ ያለው ‹ልጅዎን በሐላል ልጠይቅ ነው የመጣሁት፤ በጓሮ ስለ ገባሁም ይቅር ይበሉኝ› ነው።»

ሙሐመድዘይን ጉሮሮውን ጠረገ። «ንብረት አለው ወይ?»

«ጀልባ አለው» አለ ጀይሉ።

«ጀልባማ ተነሥቶ ይሄዳል! የማይንቀሳቀስ ንብረት ነው የጠየቅኩት።»

ሁለቱ ተነጋገሩ። «የእናቱ ቤት አለ፤ ደጁ ላይ የማንጎ ዛፍ አለ። እሱ አይንቀሳቀስም ይልሃል፤ ነፋስ ካልመጣ።»

ሙሐመድዘይን ከንፈሩ ፈገግ ሊል ሲል ያዘው። ከዚያ ኮቱን አስተካክሎ፣ ያቺ የመስታወቷ ሴት እንዳደረገችው ቀና ብሎ፣ ትልቋን ጥያቄ አወጣት።

«ተመልሶ ለመሄዱ ምን ማስረጃ አለው?»

ጀይሉ አልተረጎመም። ቆሞ ጓደኛውን ብቻ አየው።

«ምን ትገተራለህ? ተርጉም እንጂ!»

ያን ጊዜ ዑሙልኸይር ከምንጣፉ ላይ በለሰለሰ ድምፅ «የሚፍታህ አባት» አለች፤ «ተመልሶ ሲሄድ እኮ ባዶ እጁን አይሄድም።»

ሙሐመድዘይን ወደ መጋረጃው ዞረ፤ መጋረጃው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ይህን ሁሉ ቀን የሚገባውን ሲጠብቅ የምትወጣውን አላሰባትም ነበር። ሚፍታህ ሄዷል። የልጅ ልጁ የስልክ ውስጥ ልጅ ሆኖ ቀርቷል፤ ሊስመው ሲል መስታወት ይስማል። አሁን ደግሞ እሱ ራሱ ኮት ለብሶ፣ ልጄን ይዘህ ለመሄድህ ማስረጃ አምጣ እያለ ሰው ይለምናል!

«ያንን ተወው» አለ። «እዚህ ቢቀርስ? እዚህ ለመቅረት ምን ይፈልጋል? ቤት አለ። ፓምፕ የተበላሸበት ሰው ሞልቷል። ጠይቀው።»

ጀይሉ በዚህ ጊዜ ምንም ሳይቀንስ ተረጎመ። ሷሊህ የመስኮቱን ብረት ይዞ ዝግ ብሎ ተናገረ፤ ጀይሉም ዝግ ብሎ ተረጎመው።

«እናቴ ሌላ ሰው የላትም ይልሃል። ከባሕር እስክመለስ ደጅ ላይ ተቀምጣ ነው የምትጠብቀኝ፤ ካልገባሁ እህል አትቀምስም። እዚህ መቅረት እችላለሁ ብዬ ልዋሽዎት አልችልም ይላል።»

ሙሐመድዘይን እምቢ ለማለት አፉን ከፈተ፤ የወጣው ሌላ ሆነ።

«ሴትዮዋ አሁን ማን አላት? እዚህ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ በከረመበት ጊዜ ሁሉ ማን አብሯት ነበር?»

«ማንም።»

«ሱብሃነላህ! እና ይህን እስከ ዛሬ አትነግረኝም?» ብሎ ጀይሉ ላይ ጮኸ። ከዚያ ተነሥቶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። በኦሮምኛ «ኮቱ!» አለው፤ «ና! ግባ እንጂ፣ ሶዳ!»

ሷሊህ ደረቱን ይዞ ጎንበስ አለና በጨዋነት «አይ፣ ውሃ ይበቃኛል» አለ።

ሩመይሳ ከመጋረጃው ጀርባ በሳቅ ፈነዳች። ሲተረጎምለት ሙሐመድዘይንም ሳቀ፤ ዕንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ ሰውም ዕንባው የሳቅ ነው ብሎ አለፈው።

ኒካሁ ዓርብ ታሰረ። ከዚያ በፊት ግን በሷሊህና በጀይሉ አስተርጓሚነት፣ ሞምባሳ ካለችው ከሷሊህ እናት ጋር በስልክ አንድ ድርድር ነበር። ሙሐመድዘይን ልጆቹ ረመዳንን በየዓመቱ ከሚሴ መጥተው ይጹሙ ብሎ ጠየቀ። ሴትዮዋ እሺ፣ ዒዱ ግን የኔ ነው አለች። ሙሐመድዘይን እንደ በሬ ገበያ ከፍ ዝቅ ቢያደርግም ንቅንቅ አላለችም። ስልኩን ሲዘጋ «ይቺ ሴት ባቲ ብትወርድ ሁላችንንም ታከስረናለች» አለ በአድናቆት።

መሄጃቸው ደረሰ። ሙሐመድዘይን ሻንጣው በደንብ መታሰሩን ሊያይ አውቶቡሱ ላይ ወጣ። ሩመይሳን በመስኮት በኩል አስቀመጣት፤ ቀዝቀዝ የሚል መስሎት እንደገና ወደ መሃል አዛወራት። ሷሊህን ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሾፌሩን ጠመዝማዛው ላይ ቀስ እንዲል መከረው። ከዚያ ትንሽ ልረፍ ብሎ ከጎኗ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ቁጭ አለ፤ አውቶቡሱም ተነሣ። ከታች ዑሙልኸይርና ሰዒዳ እጃቸውን እያወዛወዙ ወደ ኋላ ቀሩ። ሙሐመድዘይን አየ፤ አልተነሣም።

ከከተማው ከወጡ በኋላ ረዳቱ መጣ። «አባት፣ ትኬት?»

«እኔ ተሳፋሪ አይደለሁም» አለ ሙሐመድዘይን፤ «አባት ነኝ።»

ተሳፋሪው ሳቀ። ረዳቱ ግራ ገብቶት ሾፌሩን አየ፤ ሾፌሩ በመስታወት ወደ ኋላ አየና ተወው ለማለት ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ሆኖ ሙሐመድዘይን እስከ ጨፋ ሮቢት ድረስ፣ ሩመይሳ ትከሻው ላይ ራሷን ጥላ፣ ያለ ትኬት ተጓዘ። እዚያ ሲደርሱ ግን «በቃ አባዬ» አለችው፤ ሷሊህ እጁን ይዞ አወረደው።

አውቶቡሱ ሄደ። የጨፋ ማሽላ በሁለቱም ወገን ቆሟል፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ሙሐመድዘይን ከመንገዱ ዳር ቆሞ ስልኩን አወጣና ደወለ።

«ሩመይሳ፣ ደረሳችሁ?»

«አባዬ፣ አውቶቡሱ እኮ ገና ይታይሃል!»

«ይታየኛል» አለ፤ «ለዚያ ነው አሁን የደወልኩት።»